ከመድረኩ ይልቅ ጠረጴዛዎቹ ጋ ቁሚ፦ የኮሚክስ ዝግጅት ለመዘገብ ላሰበችው የሐዋሳ ልጅ

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ የምኖር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ስለ ኮሚክስ (በሥዕል የሚተረክ ታሪክ) እና ስለ አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) የምጽፍበት ትንሽ የቴሌግራም ቻናል አለኝ። በቅርቡ እዚሁ ከተማችን ወጣቶች ተሰባስበው የአንድ ቀን የኮሚክስ ዝግጅት ሊያደርጉ ነው። ሄጄ መዘገብ እፈልጋለሁ። ግን ጋዜጠኝነት አልተማርኩም፤ አድናቂ ነኝ እንጂ። ከየት ልጀምር? የፕሬስ ባጅ ይሰጡኛል? ኮስፕሌይ (የሚወዱትን ገጸ ባሕርይ ልብስ) የለበሱ ሰዎችን ፎቶ ማንሳትስ ችግር አለው? ወደፊት ደግሞ ናይሮቢ የሚደረገውን የኮሚክስ ዝግጅት መዘገብ ሕልሜ ነው። እባክዎ ይምከሩኝ።»

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል። እኔ የባህልና የኪነ ጥበብ ዘጋቢ ነኝ። የመጽሐፍ ምረቃ፣ የሥዕል ዐውደ ርዕይ፣ የፊልም ምሽት፣ የኮሚክስ ስብስብ ላይ ተገኝቶ መጻፍ የዘወትር ሥራዬ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

«አድናቂ ነኝ እንጂ» ካልሽው ልጀምር። እንደ ጉድለት አድርገሽ ነው ያቀረብሽው። በዚህ ሥራ ግን አድናቂነት ትልቁ ስንቅሽ ነው። ስለ ኮሚክስ በቁም ነገር መጻፍ የጀመሩት ራሳቸው አድናቂዎቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1961 ዲትሮይት የሚያስተምር ጄሪ ቤይልስ የሚባል መምህር፣ ሮይ ቶማስ ከሚባል ሌላ አድናቂ ጋር ሆኖ «አልተር ኢጎ» የተባለች የአድናቂዎች መጽሔት በማባዣ ማሽን እያባዛ ማሰራጨት ጀመረ። ማንም አልቀጠራቸውም። በ1972 ሮይ ቶማስ የስታን ሊን ወንበር ተረክቦ የታዋቂው የአሜሪካ ኮሚክስ አሳታሚ የማርቭል ዋና አዘጋጅ ሆነ። ሥራውን ያስተማረው ያ የአድናቂነት ጽሑፍ ነው ብል አላጋነንኩም።

የዝግጅቱ ትንሽነትም አያሳስብሽ። ዛሬ ከ130 ሺህ በላይ ሰው የሚጎርፍበት በአሜሪካ የሳን ዲዬጎ ኮሚክ ኮን (የኮሚክስ አድናቂዎች ጉባኤ) እ.ኤ.አ. በ1970 ሲጀመር አንድ ሆቴል ውስጥ የተሰበሰበው ሰው 300 ገደማ ነበር። የቶኪዮው ኮሚኬት (አድናቂዎች የሠሩትን ኮሚክስ የሚሸጡበት ገበያ) ደግሞ በ1975 መጨረሻ 32 ቡድኖችንና 700 ያህል ሰዎችን ይዞ ነው የተነሣው። ዛሬ ጎብኚውን በመቶ ሺህዎች ይቆጥራል። የእነዚያን የመጀመሪያ ቀናት ወሬ ዛሬ የምናገኘው ቦታው ላይ የነበረ ሰው ስለጻፈው፣ ፎቶ ስላነሣና የፕሮግራሙን ወረቀት ስላልጣለ ነው። ሐዋሳ ላይ ያንን ሥራ የምትሠሪው አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ። የዝግጅቱን ፖስተር፣ የፕሮግራም ወረቀቱን፣ የመግቢያ ቲኬቱን ሁሉ አስቀምጪ።

አሁን ወደ ዋናው ምክሬ ልምጣ። ቀኑን ሙሉ መድረኩ ፊት አትቀመጪ። ሠዓሊዎቹ ሥራቸውን ዘርግተው የሚሸጡባቸው ጠረጴዛዎች ጋ ሂጂና እዚያ ቁሚ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። መድረክ ላይ የሚባለውን ነገር አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በስልኩ ይቀዳዋል። ተናጋሪው ከመድረክ ሳይወርድ ቲክቶክ ላይ ይወጣል። አንቺ ማታ ቤት ገብተሽ ያንኑ ብትደግሚው ለአንባቢሽ ምን ጨመርሽለት? ጠረጴዛ ጋ ግን ካሜራ የለም። አንድ ልጅ ሁለት ዓመት የደከመበትን ባለ 24 ገጽ መጽሔት ይዞ ተቀምጧል። ማን እንዳተመለት፣ ስንት እንደከፈለ፣ ለምን ሁለተኛው ክፍል እንደዘገየ የጠየቀው የለም። የኮሚክስ ትክክለኛ ዜና ያለው እዚያ ነው። ደግሞም ጥያቄውን ለመጠየቅ ኮሚክስ የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል። ከትልቅ ሚዲያ የተላከ ዘጋቢ አንቺ የምታውቂውን አያውቅም።

ከመሄድሽ በፊት የቤት ሥራ አለብሽ። ጠረጴዛ የሚይዙት እነማን እንደሆኑ አዘጋጆቹን ጠይቂና ሥራቸውን ፈልገሽ አንብቢ። አብዛኞቹ ቴሌግራም ወይም ኢንስታግራም ላይ ይገኛሉ። የአገራችንንም ነገር ማወቅ አለብሽ። ኢታን ኮሚክስ የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2018 የሱፐርሂሮ ኮሚክሱን «ጀምበር»ን በአማርኛም በእንግሊዝኛም አወጣ፤ ኋላ ደግሞ ሴት ጀግና ያላት «ሐዊ» መጣች። ይህን ሳታውቂ አንዱን ልጅ «በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሱፐርሂሮ ኮሚክስ» ብለሽ ብትጽፊ ልጁንም ራስሽንም ታሳፍሪያለሽ። «የመጀመሪያው» የሚለውን ቃል በጠቅላላው ተጠንቀቂው። የእኛ አገር የባህል ዘገባ በዚህች ቃል ብዙ ተበላሽቷል።

ስለ ባጁ ብዙ አትጨነቂ። እንዲህ ዓይነት ትንሽ ዝግጅት ላይ ለአዘጋጆቹ አንድ አጭር መልእክት ይበቃል። ስምሽን፣ የቻናልሽን ሊንክ፣ ከጻፍሻቸው ውስጥ ጥሩ ጥሩዎቹን ሁለት ሦስት ጽሑፎች፣ ምን ለመሥራት እንዳሰብሽ ጻፊላቸው። በነፃ መግባትን ብቻ አትጠይቂ። የፕሮግራሙን ሰዓት፣ የሠዓሊዎቹን ስም ዝርዝር፣ ችግር ሲኖር የምትደውዪለትን ሰው ስልክ ጠይቂ። ለሥራሽ ከነፃ መግቢያው የሚበልጥብሽ ይሄ ነው። «ባጅ የለንም» ካሉሽ ቲኬት ቆርጠሽ ግቢ። ከፍሎ የገባ ዘጋቢ ውለታ የለበትም።

ወደ ጠረጴዛዎቹ ልመለስ፤ እዚህ ላይ ብዙ የምለው አለኝ።

ሰዓት ምረጪ። በር እንደተከፈተ ሂጂ፤ ሰው ገና ሳይሞላ፣ ሠዓሊውም ሳይደክመው። ሌላው ጥሩ ሰዓት ምሳ ላይ ነው፤ ሰዉ ለምግብ ሲወጣ ጠረጴዛዎቹ ይቀዘቅዛሉ። ገዢ ከመጣ ወዲያው ገለል በዪ። ያ ልጅ እዚያ የተቀመጠው ሊሸጥ ነው፤ አንቺ ፊቱ ቆመሽ አንድ ቅጂ ካመለጠው ጨዋታው ደስ አይልም። ከተቻለሽ ደግሞ አንድ ቅጂ ግዢ። «ጋዜጠኛ ነኝ፣ ስጠኝ» አትበዪ። ልጁ ያተመው በኪሱ ነው።

«ከየት ተነሣሣህ?» ብለሽ አትጀምሪ። ሁሉም ሰው የሚጠይቀው እሱን ነው፤ መልሱም ተሸምድዷል። መጽሔቱን ግለጪና ከአንድ ገጽ ተነሺ። «ይቺ የሥዕል ሣጥን ለምን ብቻዋን ሙሉ ገጽ ያዘች?» «እዚህ ጋ ለምን ቃል አጣ?» «በእርሳስ ነው የጀመርከው ወይስ በታብሌት?» እንዲህ ስትጠይቂ ፊቱ ሲለወጥ ታዪዋለሽ። ሥራውን ያየለት ሰው መጣ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ዝም ብለሽ ብትሰሚው ራሱ ይነግርሻል።

ስለ ፊደሉ ጠይቂ። ይህ የአማርኛ ኮሚክስ የራሱ ጉዳይ ስለሆነ በጣም ደስ የሚል ታሪክ ይወጣዋል። እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሠዓሊ በእጅ ጽሑፉ የራሱን ፎንት (የኮምፒውተር ፊደል) ለመሥራት 26 ሆሄያት ይበቁታል። ብዙ ኮሚክስ ደግሞ በትልልቁ ፊደል ብቻ ስለሚጻፍ ትንንሾቹን መተው ይችላል። የእኛ ልጅ ግን 33ቱን ፊደል በሰባት ቤት ሲያበዛ 231 ይሆንበታል። እነ ቋ፣ ጓ፣ ሏ ሲጨመሩ ከዚያም ያልፋል። ስለዚህ ምን አደረገ? የተዘጋጀ ፎንት ወሰደ? በእጁ ጻፈ? ገጸ ባሕርዩ ሲጮህ ፊደሉን እንዴት አሳየ? የንግግሩ ክብ ውስጥ ረጅም የአማርኛ ግስ አልገባ ሲለውስ አረፍተ ነገሩን አሳጠረ ወይስ ሥዕሉን ሸፈነ? ሐዋሳ ስለሆንሽ ደግሞ በሲዳምኛ የሚጽፍ ካለ ፈልጊ። ሲዳምኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ችግሩም መፍትሔውም ሌላ ነው። ሁለቱን ሠዓሊዎች ጎን ለጎን ብታነጋግሪ ብቻውን አንድ ሙሉ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ማንጋ (የጃፓን ኮሚክስ) የሚወዱ ልጆችንም ጠይቂ። ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው፤ ጽሑፋቸው ከቀኝ ስለሚጀምር። አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ነው። በማንጋ ዘይቤ የሚሥል የእኛ ልጅ የትኛውን አቅጣጫ መረጠ? ለምን? አንባቢዎቹስ ግራ ተጋብተውበት ያውቃሉ?

ስለ ህትመት ደግሞ አፍረሽ አትተዪው። ገንዘብ ነውር አይደለም። በመሐሉ በስቴፕል የሚታሰር መጽሔት የገጹ ብዛት በአራት መካፈል አለበት፤ አንድ ወረቀት ሲታጠፍ አራት ገጽ ስለሚሆን። ለዚህ ነው 24 ወይም 32 ገጽ የሚበዛው። ታሪኩ 26 ገጽ ላይ ያለቀበት ሠዓሊ ወይ ሁለት ይቆርጣል፣ ወይ ሁለት ይሞላል። የቱን አደረገ? በኦፍሴት (በማተሚያ ቤት ትልቅ ማሽን) ሲታተም ብዙ ቅጂ ካላዘዙ የአንዱ ዋጋ ይወደዳል። በዲጂታል ማሽን ጥቂት ማሳተም ይቻላል፤ ግን ቅጂው ቢበዛም የአንዱ ዋጋ ብዙም አይወርድም። ስለዚህ «ስንት አሳተምክ? የት? አንዱ ስንት ወጣብህ? ስንት ትሸጠዋለህ?» ብለሽ ጠይቂ። ሊነግርሽ ካልፈለገ አታስጨንቂው። ከነገረሽ ግን አንባቢሽ ከአዳራሹ ውበት ይልቅ ይህን ያስታውሳል። ሌላ ሠዓሊም አንብቦ ይጠቀምበታል።

ሌላ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። እኛ አገር ታሪክን በሣጥን በሣጥን ከፍሎ መሣል አዲስ አይደለም። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በባህላዊ ሥዕል ብዙ ጊዜ በ44 ሣጥን ተሥሎ ይገኛል፤ ከሥሩ ጽሑፍ አለው፤ በቅደም ተከተል ይነበባል። ሠዓሊዎቹ ይህን አይተው ያደጉ እንደሆነ ጠይቂያቸው። «አዎ» የሚል ሁሉ ከዚያ ወሰደ ማለት አይደለምና እንዲያሳዩሽ ጠይቂ፤ የትኛው ገጽ ላይ፣ የትኛው መስመር ላይ።

መድረኩን ጨርሰሽ ተይው አላልኩሽም። ፕሮግራሙን አይተሽ ከሁሉ የምትፈልጊውን አንድ ውይይት ምረጪና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታተዪው። ሦስት ውይይት በግማሽ ከመስማት ይሻላል። በስልክሽ ቅጂው፤ ግን በማስታወሻ ደብተር ላይ ደቂቃውን ጻፊ። «12 ደቂቃ ላይ፣ ስለ ዋጋ» ብለሽ ካልጻፍሽ ማታ የሁለት ሰዓት ድምፅ ስትሰሚ ታድሪያለሽ። ተናጋሪው ከመድረክ ሲወርድ ስሙን ራሱ እንዲጽፍልሽ አድርጊ። ኃይሉ በየትኛው «ኀ»፣ ሠናይት በየትኛው «ሰ» እንደሚጻፍ ባለቤቱ ነው የሚያውቀው።

የሰው ቁጥር ላይ ጥንቃቄ አድርጊ። አዘጋጅ ስንት ሰው መጣ ሲባል የተመኘውን ነው የሚናገረው። «ስንት ቲኬት ተሸጠ?» ብለሽ ጠይቂ። ወንበሩን ቁጠሪ። ከዚያ «አዘጋጆቹ ይህን ያህል ነው ብለዋል» ወይም «ለዚህን ያህል ሰው የተዘረጋው ወንበር ከሰዓት በኋላ ሞልቶ ነበር» ብለሽ ጻፊ። ያየሽውንና የተነገረሽን አትቀላቅዪ።

ፎቶን በተመለከተ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። ሕግም አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 27 የአንድን ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት ማሳየት፣ ማባዛትም ሆነ መሸጥ እንደማይቻል ይናገራል። ቁጥር 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ ከእነዚህ አንዱ በሕዝብ ፊት የተደረገ ወይም ሕዝብን የሚመለከት ዝግጅት ነው። ስለዚህ የአዳራሹን ሰፊ ፎቶ አንስተሽ ብታወጪ ብዙ አያስጨንቅም። አንዲት ልጅን ለይተሽ፣ ፊቷን አቅርበሽ ስታነሺ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሕጉ ቢፈቅድልሽም እንኳ ጠይቂ። ብዙዎቹ ቤተሰብ ሳያውቅ የለበሱ ናቸው። ነገ ፎቶዋ በሰፈሩ ቢዞር የሚደርስባትን አንቺ አታውቂውም።

የኒው ዮርኩ ኮሚክ ኮን «ኮስፕሌይ ፈቃድ አይደለም» የሚል ማስታወቂያ በአዳራሹ ይለጥፋል። የለበሰ ሰው ለመታየት ቢለብስም ለመነካትና በስውር ፎቶ ለመነሣት አልለበሰም። አንቺም ጠይቀሽ አንሺ፤ ያነሣሽውን አሳዪ፤ የት እንደምታወጪው ንገሪ። በምን ስም መጠራት እንደሚፈልጉም ጠይቂ፤ ብዙዎች የኮስፕሌይ ስም አላቸው። ልብሱን ማን ሰፋው ብለሽ መጠየቅም አትርሺ። ገበያ ሄዶ ስፖንጅና ማጣበቂያ ገዝቶ ጥሩር የሠራ ልጅ ከሠዓሊው የማያንስ ታሪክ አለው። ሕፃናትን ከወላጅ ፈቃድ ውጪ አታንሺ። ይህ ላይ ምንም ድርድር የለኝም።

የሠዓሊዎቹን ገጽ ፎቶ አንስቶ መለጠፍም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቅጂ መብት አዋጁ 410/1996 ከታተመ ሥራ ላይ ለዓላማው በሚበቃው መጠን መጥቀስን ይፈቅዳል፤ ምንጩና የባለቤቱ ስም ከተገለጸ። የምትተነትኛትን አንድ ሣጥን ወይም አንድ ገጽ ከነስሙ ማውጣት ሌላ ነው፤ ሙሉ መጽሔቱን በቴሌግራም መበተን ሌላ ነው። ሁለተኛው ልጁን መዝረፍ ነው። የመጨረሻውን ገጽ በፍጹም አታውጪ።

የሚከብደው ነገር ትችት ነው። ሐዋሳ ትንሽ ከተማ ናት። ዛሬ የተቸሽውን ሠዓሊ ነገ ፒያሳ ታገኚዋለሽ፤ ከዚያም ሲብስ አንድ ባጃጅ ውስጥ። በዚህ ምክንያት ብዙ አድናቂዎች ሁሉንም ነገር «አስደናቂ» ብለው ይጽፋሉ። እኔ ይህን አልወድም። ሁሉ ከተመሰገነ ምስጋናው ዋጋ ያጣል፤ በእውነት ግሩም የሠራው ልጅ ከሌላው አይለይም። ገጹን ተቺ፤ ሰውየውን ተዪው። «ሥዕሉ ደካማ ነው» ከማለት «በስምንተኛው ገጽ ላይ ማን ለማን እንደሚናገር መለየት አስቸገረኝ» ብትዪ ለአንባቢም ለሠዓሊውም ይጠቅማል። ስለ ጓደኛሽ ሥራ ከጻፍሽ ጓደኛሽ መሆኑን ተናገሪ። በነፃ የተሰጠሽ ነገር ካለም እንደዚያው። አዘጋጆቹ «ከመውጣቱ በፊት እንየው» ካሉሽ በትሕትና እምቢ በዪ። የተናገሩትን ቃል እንዲያረጋግጡልሽ ልታነቢላቸው ትችያለሽ፤ ጽሑፉን ግን አይደለም።

ለዕለቱ ፓወር ባንክ ያዢ፤ ስልክሽ ላይ ቦታ አስለቅቂ፤ ውኃ አትርሺ። ዳታ አዳራሽ ውስጥ ሊጠፋ ስለሚችል ቀጥታ ለማስተላለፍ ቃል አትግቢ። ማታውኑ አምስት ስድስት ፎቶና አጭር ጽሑፍ ልቀቂ። ረጅሙን ግን ቀን ስጪው። ያናገርሻቸውን ሁሉ አታስገቢ። ከሁሉ የበለጠ የያዘሽን አንድ ሠዓሊ መሐል አድርጊና ሌላውን በእሱ ዙሪያ ጻፊው። መጀመሪያው አረፍተ ነገርሽ «ዝግጅቱ በደማቅ ሁኔታ ተካሄደ» ከሆነ ሰርዢው። ልጁን፣ ጠረጴዛውን ወይም ያቺን ገጽ ይዘሽ ግቢ። ሲወጣ ሊንኩን ላናገርሻቸው ሁሉ ላኪ። ያነሣሻቸውን ፎቶዎች በቴሌግራም «ፋይል» አድርገሽ ላኪላቸው፤ በተራው መንገድ ከላክሽው ጥራቱ ይቀንሳል።

ናይሮቢን በተመለከተ ሕልምሽ ሩቅ አይደለም። ከሐዋሳ የሚነሣው መንገድ በሞያሌ አድርጎ እዚያው ነው የሚያደርሰው። በአህጉራችን ሌጎስ ከ2012፣ ጆሃንስበርግ ደግሞ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሳቸው ኮሚክ ኮን አላቸው። በእንዲህ ዓይነት ትልልቅ ዝግጅቶች የፕሬስ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ ከወራት በፊት ይዘጋል። በስምሽ የወጡ የቅርብ ጊዜ ጽሑፎች፣ የአንባቢ ብዛት፣ አንዳንዴም የሚልክሽ ተቋም ደብዳቤ ይጠይቁሻል። ባጁ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። ባጅ ያዝሽ ማለት ደግሞ ወንበር አገኘሽ ማለት አይደለም። ሳን ዲዬጎ ላይ 6,500 ያህል ሰው የሚይዘው ትልቁ አዳራሽ ጋ ዘጋቢም ሰልፍ ይይዛል። እዚያ በስክሪን የሚታየውን አዲስ ፊልም መቅረጽም ክልክል ነው፤ የያዙሽ እንደሆነ ያስወጡሻል። ስለዚህ ማመልከቻውን የመጀመሪያ ቀን ሙይ። የምታያይዣቸው ጽሑፎች አማርኛ ቢሆኑም ችግር የለም፤ ለእያንዳንዳቸው ሦስት አራት መስመር የእንግሊዝኛ ማጠቃለያ ጻፊላቸው። ከእነሱ መሐል የሐዋሳው ዝግጅት ዘገባሽ ቢኖርበት ከደብዳቤም ይበልጣል።